አፀደ ሕፃናቱ የማን ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን በሁለት ክፍል የቀረበ ንግግር፣ ለመጽሔቱ አንድ ላይ የተጠናቀረ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፉት ሳምንታት ስለ ልጆች ተርቢያ ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ርዕሳችን ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው። የእህታችን ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። በሰፈራቸው መስጂድ ግቢ ባለው አፀደ ሕፃናት ጠዋት ፊደልና ቁጥር ይማራል፤ ከዐስር በኋላ ደግሞ እዚያው መስጂድ አሊፍ ባ ታ ይቆጥራል። አፀደ ሕፃናቱ ከተከፈተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ታላቅ እህቱም እዚያው ተምራ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። አሁን ግን ይረዱ የነበሩት ባለሀብት እርዳታቸውን አቁመዋል። መምህራኑ ደመወዝ ካገኙ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ኮሚቴውም «ሌላ ረጂ እስኪገኝ እንዝጋው» ብሏል። እህታችን የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጂ እንድናገናኛት።

ረጂ መፈለግ ነውር አይደለም። ነገር ግን ደብዳቤዋን ደጋግመን ስናነበው አንድ ነገር አሳሰበን። ስለ ባለሀብቱ ጽፋለች፤ ስለ ኮሚቴው ጽፋለች፤ ስለ መምህራኑም ጽፋለች። ስለ ሰፈሩ ሰው ግን አንድም ቃል የለም። ይህን የምንለው እርሷን ለመውቀስ አይደለም። እኛ ራሳችን በእርሷ ቦታ ሆነን ብንጽፍ ኖሮ ከዚህ የተለየ አንጽፍም ነበር። ደርሶብናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምናገለግልበት መስጂድ ግቢ ውስጥ አንድ ደግ ሰው ሦስት ክፍሎች በብሎኬት አሠሩ። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ሰሌዳውን አሟሉ። የሁለት መምህራን ደመወዝም በየወሩ ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር። አላህ ይቀበላቸው። የሰፈሩ ሰው ጠዋት ልጁን ያመጣል፣ ቀን ይወስዳል፤ ከዚህ ሌላ ማንም የሚጠይቀው አልነበረም። እኛም በጁሙዓ ቀን ለእኚያ ሰው ዱዓእ እናደርግ ነበር እንጂ «መምህራኑ ስንት ይከፈላቸዋል? እርሳቸው ባይኖሩስ?» ብለን አንድ ቀን አልጠየቅንም። በአምስተኛው ዓመት ሰውየው ታመሙና ወደ አኺራ ሄዱ። የሟች ሀብት በሸሪዓ የወራሾች ነው። ወራሾቹ ለእኛ ቃል የገቡት ነገር ስለሌለ ልንወቅሳቸው አንችልም። መምህራኑ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ በሶብር አስተማሩ። በአራተኛው ወር አንደኛዋ ሌላ ሥራ አገኘችና ሄደች። ሁለተኛዋም ብቻዋን አልቻለችም። ክፍሎቹ ተቆለፉ። ዓመት ሳይሞላ የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት መጋዘን ሆኑ።

ወገኖች፣ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረን ይህ ነው። ቤቱ አለ፤ ወንበሩ አለ፤ ልጆቹም በየደጁ አሉ። የጠፋው የሁለት ሴቶች ደመወዝ ብቻ ነበር። በእድሩ መዝገብ ላይ ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ አባወራ ተመዝግቦ ነበር። ለድንኳኑ በየወሩ የሚያዋጣ ሰፈር ለልጆቹ መምህርት ማዋጣት አቅቶት ሳይሆን፣ እንዲያዋጣ የጠየቀው ስላልነበረ ነው። መጠየቅ የነበረብን ደግሞ እኛ ነበርን።

ይህ ነገር ሲያሳስበን በኖረበት ጊዜ የጎረቤታችንን የኬንያን ሙስሊሞች ታሪክ ለማንበብ ዕድል አገኘን። ለዛሬው ጉዳያችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለማናውቅ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንነግራችኋለን።

በሞምባሳና በአካባቢዋ ያለው የባሕር ዳርቻ እስልምና ከጥንት ጀምሮ የሰፈነበት ምድር ነው። ሕዝቡ ልጆቹን ወደ ቁርኣን ትምህርት ቤት ከመላክ ቦዝኖ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት የአካባቢው ሙስሊም መሪዎች አንድ ችግር አስተዋሉ። ልጆቻቸው አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሌላው ልጅ አፀደ ሕፃናት አልፎ፣ እርሳስ መያዝ ለምዶ፣ ቀለምና ቁጥር ለይቶ ይመጣል። የእነርሱ ልጅ ግን ቁርኣን እያነበነበ ቢመጣም ለትምህርት ቤቱ ጥያቄ ባዕድ ነው። ብዙ ወላጆች ደግሞ የነበሩትን አፀደ ሕፃናት «ልጄን ከዲኑ ያርቁብኛል» ብለው ይፈሩ ነበር። ስጋቱን እኛም አገር እናውቀዋለንና ስለዚህ ብዙ ማብራራት አያስፈልገንም።

መሪዎቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን ለአጋ ኻን አቀረቡ። እዚህ ላይ አንዳንድ አድማጮቻችን ጥያቄ እንደሚያነሱ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት አጋ ኻን የኢስማዒሊያ ሺዓዎች መሪ ነበሩ፤ የባሕር ዳርቻው ሕዝብ ግን በአመዛኙ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ ሱኒ ነው። የዐቂዳው ልዩነት የታወቀ ነው፤ የዛሬው ርዕሳችንም አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን ጠያቂዎቹ የአገሩ ሰዎች መሆናቸው፣ ልጆቻቸው በየመድረሳው የሚማሩትንም የዲን ትምህርት ራሳቸው በእጃቸው ይዘው መቆየታቸው ነው።

ሥራውን በመሬት ላይ የጀመሩት ሰዋፊያ ሰዒድ የተባሉ መምህርት ናቸው። በስዋሒሊ ወግ በአክብሮት «ቢ ሰዋፊያ» እያሉ ይጠሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያው የመድረሳ አፀደ ሕፃናት በሞምባሳ ተከፈተ። ከዚያም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ዛንዚባር፣ በ1993 ወደ ኡጋንዳ ተሻገረ። በሦስቱ አገሮች አፀደ ሕፃናት የከፈቱት ሰፈሮችና መንደሮች ውለው አድረው ከሁለት መቶ በላይ ሆኑ።

አካሄዳቸው ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ ሕንፃ አልሠሩም፤ መጀመሪያ ስብሰባ ነው የጠሩት። አንድ መንደር አፀደ ሕፃናት ሲፈልግ ኢማሙ፣ ሽማግሌዎቹ፣ አባቶችና እናቶች ተሰብስበው ይመክራሉ። «ይህን ነገር እንፈልጋለን ወይ? ቦታ ማን ይሰጣል? ጉልበት ማን ያዋጣል? በየወሩስ ስንት እንከፍላለን?» ይባባላሉ። ይህ ምክክር በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ወራት ይወስዳል። ከተስማሙ ኮሚቴ ይመርጣሉ። ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች መኖራቸው ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከማሠልጠኛ ማዕከሉ ጋር የጽሑፍ ውል የሚፈራረሙት። በውሉ ላይ የማዕከሉ ግዴታ ተጽፏል፤ የመንደሩም ግዴታ ተጽፏል። ማዕከሉ ሥልጠናና ክትትል ይሰጣል። መንደሩ ክፍሉን ያዘጋጃል፣ መምህርቷን ይመርጣል፣ ደመወዟን ይከፍላል።

መምህርቷን መንደሩ ይመርጣል ስንል ልብ በሉ። ከሩቅ ከተማ ዲፕሎማ ይዛ የመጣች ሳትሆን እዚያው ያደገች፣ እናቷም አባቷም የሚታወቁ፣ የተወሰነ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላት ወጣት ናት። ሁለት ዓመት ገደማ እያስተማረች ትሠለጥናለች። አሠልጣኟ ወደ ክፍሏ እየመጣች ታያታለች፣ ታርማታለች። ብዙዎቹ ወጣቶች ከዚህ በፊት ቤት የዋሉ፣ ትምህርታቸው ለምንም ሳይጠቅም የቀረ ነበሩ። ዛሬ በመንደራቸው «ሙዓሊማ» ተብለው ይጠራሉ። አንድ ሰፈር የራሱን ልጅ መምህርት አድርጎ ሲያቆም የሚያገኘው ጥቅም ምንድን ነው? ደመወዝ ሲዘገይ እናቷ ገበያ ላይ ኮሚቴውን ታገኘዋለች! ሳቅ አይደለም፤ ይህ ራሱ አንድ የሒሳብ ቁጥጥር ነው።

የክፍሉ ዕቃም ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ዛጎል፣ የኮኮናት ቅርፊት፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ጨርቅ፣ ባዶ ካርቶን ነው። እናቶች ተሰብስበው ይሰፉታል፣ ያጥቡታል፣ ይቀቡታል። ልጁ በዛጎል ይቆጥራል፤ በክዳን ትልቅና ትንሽ ይለያል። የሚሠራውን ራሱ ይመርጣል፤ ከሠራ በኋላ ምን እንደሠራ ለመምህርቷ ይናገራል። ዝም ብሎ ተሰልፎ የተባለውን መድገም ብቻ አይደለም። እኛ ሎህ ላይ ጽፈን፣ አለንጋ ፈርተን ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ላይ «ይህማ ጨዋታ ነው» ብለን ነበር። በጥናት የተረጋገጠው ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ አፀደ ሕፃናት የወጡ ልጆችን፣ ከሌላ አፀደ ሕፃናት ከወጡና ጭራሹን አፀደ ሕፃናት ካልገቡ ልጆች ጋር ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። አፀደ ሕፃናት የገቡት ሁሉ ቤት ከዋሉት በልጠው ተገኝተዋል፤ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያሳዩት ደግሞ የመድረሳዎቹ ልጆች ናቸው።

የገንዘቡን ነገር እንመልከት። ወላጅ በየወሩ አነስተኛ ክፍያ ይከፍላል። ነገር ግን ዓሣ አጥማጅና ገበሬ በሆነ መንደር ክፍያ በየወሩ እኩል አይመጣም። ስለዚህ አንድ መንደር ሥልጠናውን ጨርሶ ሲመረቅ ራሱ ገንዘብ ያዋጣል፤ ፕሮግራሙም በበኩሉ ይጨምርለታል። ያ ገንዘብ አይበላም። ከሌሎች መንደሮች ገንዘብ ጋር ተዳምሮ ሥራ ላይ ይውላል፤ ከሚያስገኘው ላይ እየተቆነጠረ ለመንደሩ ይመለሳል፣ የመምህርቷን ደመወዝ ይደጉማል። የሥራ ላይ ማዋሉ መንገድ ከሸሪዓ አንፃር መመርመር እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ወለድ ያለበትን መንገድ እኛ አንመክርም። ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባማከሩ ጊዜ መሬቱ ላይሸጥ፣ ላይሰጥ፣ ላይወረስ፣ ፍሬው ግን ለችግረኛው እንዲውል አደረጉት። ወቅፍ ማለት ይኸው ነው። እኛ አገር ወቅፍ ሲባል የሚታሰበን መስጂድና መቃብር ብቻ ሆኖ ቀረ እንጂ፣ በመስጂድ አጥር ላይ ያለች አንዲት የኪራይ ሱቅ ለአንዲት መምህርት ደመወዝ ወቅፍ ብትደረግ ምን ይከለክላል?

ይህን ስንናገር በዚያ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለታችን አይደለም። ትልቅ ፈተና የመጣባቸው ከመልካም ነገር ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኬንያ ደግሞ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ አደረጉ። ድሃ ወላጅ «መንግሥት በነፃ የሚያስተምር ከሆነ ለአፀደ ሕፃናት ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ልጁን ቀጥታ ወደዚያ ወሰደ። የልጆቹ ቁጥር ሲቀንስ ክፍያው ቀነሰ፤ ክፍያው ሲቀንስ የሠለጠነችው መምህርት የተሻለ ወደሚከፍል ሄደች። የወላጆች መሰላቸትም አለ፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቶት ሲወጣ አባትየውም ከኮሚቴው ይወጣል። ለዚህ ነው የተመረቁት መንደሮች ማኅበር አቋቁመው እርስ በርስ መጠያየቅ የጀመሩት። ብቻውን የቀረ ኮሚቴ ይደክማል።

የነፃው ትምህርት ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. የፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ በአገራችን ብዙ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኦ-ክፍል ከፍተዋል። ይህ ታላቅ ኒዕማ ነው፤ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። ነገር ግን ኦ-ክፍል የስድስት ዓመት ልጅን ነው የሚቀበለው። የአራትና የአምስት ዓመቱ ልጅ፣ እናቱ ጉልት ስትውል የት ይዋል? ብዙ ቦታ መልሱ አንድም በግል አፀደ ሕፃናት በውድ ዋጋ፣ አንድም በመንገድ ነው። የሰፈር አፀደ ሕፃናት ሥራው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ሲጀምር የእኛ አበቃ የሚሉ ኮሚቴዎች አጋጥመውናል። መዝጋት አያስፈልጋቸውም፤ ዕድሜውን ዝቅ አድርገው መቀጠል ይችላሉ።

ደግሞ ሌላ ማስተዋል ያለብን ልዩነት አለ። በኬንያ ቁርኣኑና ፊደሉ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህርት ይሰጣሉ። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ስለዚህ አፀደ ሕፃናቱ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አውጥቶ በሥርዓተ ትምህርቱ ይሥራ። የቁርኣኑ ትምህርት በራሱ ሰዓት፣ በመስጂዱ ሥር ለብቻው ይሰጥ። የጎረቤት ክርስቲያን ልጅ ቢመጣም ጠዋት ከልጆቻችን ጋር ይማር፤ የዐስሩ ትምህርት አይመለከተውም። ሁለቱን ሰዓት ቀላቅለው ፈቃዳቸው የተወሰደባቸው ወንድሞች ስላሉ ነው ይህን የምናነሳው።

እንግዲህ «እኛ ድሆች ነን፣ ይህን ሁሉ በምን አቅማችን» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሰው የምንለው አባቶቹን እንዲጠይቅ ነው። በወሎ ገጠር ደረሶች ከየአገሩ መጥተው በሸይኹ ዙሪያ ሲቀሩ ማን ነበር ያበላቸው? የመንደሩ ሰው ነው። ቆሎና ንፍሮ፣ እንጀራና ሽሮ ከየቤቱ እየወጣ ስንት ዓሊም አፍርቷል! ያን ጊዜ የውጭ ረጂ አልነበረም፤ የባንክ ደብተር አልነበረም። ቅሬን ተመልከቱ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ሞቱን ይቀብራል፣ ሐዘኑን ይደርሳል። ያልመጣ ይቀጣል፤ ያላዋጣ ይጠየቃል። ሰው ቅሬውን «የነእገሌ ነው» አይልም፤ «ቅሬያችን» ነው የሚለው። ያንን «ያችን» ወደ አፀደ ሕፃናቱ ማምጣት ነው የከበደን። ለሞተው ሰው የተደራጀነውን ያህል ለተወለደው አልተደራጀንም።

ወደ መስጂዳችን እንመለስ። ክፍሎቹን ከሁለት ዓመት በኋላ መልሰን ከፍተናል፤ አልሐምዱሊላህ። የከፈትናቸው ግን ረጂ አግኝተን አልነበረም። ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋግረን፣ ወርኃዊ መዋጮ ሲከፈል ፈቃደኛ የሆነ ለመምህርት ጥቂት ብር እንዲጨምር ተስማማን። መጀመሪያ ላይ የጨመረው ሃያ ቤት አይሞላም ነበር። ወላጆች እንደ አቅማቸው ክፍያ ተመደበባቸው። ሁለት መምህራን ይኑሩን ብንል አልቻልንም፤ በአንዲት ጀመርን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ ለሰላተል ለይል እናነሳዋለን፤ ለመምህርት ደመወዝም ይሠራል። በዓመት አንዴ በታላቅ ድግስ ከሚሰበሰብ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የምትመጣ ትንሽ ብር አፀደ ሕፃናትን ታቆያለች። መምህርት የምትበላው በየወሩ ነውና። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ መሰጠት እንዳለበትም ከነቢያችን ትምህርት እናውቃለን።

በዚህ መካከል ያጋጠመን ፈተና ካሰብነው ውጪ ነበር። ገንዘብ ሳይሆን ጫጫታ ነው! አንዳንድ አባቶቻችን «ልጆቹ ግቢውን ያቆሽሻሉ፣ ዙሁርን በሰላም አላሰገዱንም» ብለው አቤቱታ አቀረቡ። አባቶች ስለሆኑ በአክብሮት አዳመጥናቸው። ከዚያም ሐሰን ወይም ሑሰይን በሱጁድ ላይ ጀርባቸው ላይ በወጣ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጁን ላለማቻኮል ሱጁዳቸውን ማስረዘማቸውን፣ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙም ለእናቱ አዝነው ሰላት ማሳጠራቸውን አስታወስናቸው። ሐዲሱን ከእኛ በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ሰምተው ዝም አሉ። እኛም በበኩላችን የልጆቹን መውጫ ሰዓት ከአዛን በፊት አደረግን፤ መጸዳጃውንም ለየን። ከአቤቱታ አቅራቢዎቹ አንዱ ዛሬ በራቸው ላይ ቆመው ልጆቹን መንገድ የሚያሻግሩ እርሳቸው ናቸው።

ሴቶችን በተመለከተም ስህተታችንን እንናገር። የመጀመሪያው ኮሚቴያችን ሰባት ወንዶች ነበሩ። ከሰባቱ አንዳቸውም የመምህርቷን ክፍል ገብተው አይተው አያውቁም። ልጁን የምታጥበው፣ የምታደርሰው፣ ደብተሩን የምታገላብጠው እናት ናት። ሁለት እናቶች በገቡበት ወር የውኃው በርሜል ክዳን እንደሌለው፣ ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ እንደሚመጡ ሰማን። ከዚያ ወዲህ ከሒሳቡ ፈራሚዎች አንዷ እናት ናት።

ስለ ሒሳቡ አንድ ነገር እንጨምር። ሰው ገንዘብ የሚሰስተው ስለሚጨክን ብቻ አይደለም፤ የት እንደገባ ስለማይነገረው ነው። በየወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን በአንድ ወረቀት ጽፈን በመስጂዱ በር ላይ እንለጥፋለን። «ለጠመኔ፣ ለሳሙና፣ ለመምህርት» ይላል። አንድ ወር መለጠፉን ብንረሳ አንድ የቀን ሠራተኛ ወንድማችን ከሰላት በኋላ ይዞን፣ «ወረቀቱ የታለ? የእኔ አሥር ብር አለችበት» አለን። ደስ ያለን ያን ቀን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ አንድ የፊቅህ ጥያቄ አለ። ዘካ ለአፀደ ሕፃናት ይሆናል ወይ? ዘካ የሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ ተውባ ተወስነዋል። የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም ዘካ ለሕንፃ ማሠሪያና ለመሰል የጋራ ሥራ አይውልም የሚል ነው። በዘመናችን «ፊ ሰቢሊላህ» የሚለውን ሰፋ አድርገው የተረጎሙ አሉ፤ እኛ ግን ለጥንቃቄው እናዘነብላለን። ለግንባታና ለደመወዝ ሰደቃና ወቅፍ ይሁን። የድሃ ልጅ ክፍያን በተመለከተ ግን መንገዱ ቀላል ነው። ቤተሰቡ ለዘካ የሚገባ ድሃ ከሆነ ዘካው ለራሱ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ እርሱ በእጁ ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን አባትየውም ከሌላው ወላጅ እኩል ከፍሎ፣ እኩል ይጠይቃል። «በነፃ የሚማረው የእገሌ ልጅ» የሚባል ልጅ በክፍሉ አይኖርም።

የቦታውም ነገር በጽሑፍ ይሁን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ መስጂዳቸውን የሠሩበት መሬት የሁለት የቲሞች ነበር፤ በስጦታ ቢቀርብላቸውም ዋጋውን ሳይከፍሉ አልወሰዱትም። እኛ ግን «ወንድማማች አይደለን» እያልን በቃል ብቻ የተሰጠ ቦታ ላይ ክፍል እንሠራለን። ሰጪው ሲሞት ልጆቹ ይመጣሉ። ከዚያ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ለእህታችን መልሳችን ይህ ነው። አፀደ ሕፃናቱን አትዝጉት። የመጪው እሑድ ከዐስር በኋላ ወላጆችን ሁሉ ጥሩ፤ እናቶች ይብዙ። ለሁለቱ መምህራን ያልተከፈለው ስንት እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ መጀመሪያ እርሱ ይከፈል። ሁለቱን ማቆየት ካልቻላችሁ ማንን እንደምታቆዩ ከመምህራኑ ጋር ተመካከሩ፤ ከጀርባቸው አትወስኑ። ለባለሀብቱም ሰው ላኩ። ስለ ገንዘብ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ላደረጉት ለማመስገንና ጤንነታቸውን ለመጠየቅ ነው። የእድራችሁን ወይም የቅሬያችሁን ዳኛ ከስብሰባው በፊት ቤቱ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ከሁለት መቶ ቤት ሃያው ብቻ እሺ ቢል በሃያው ጀምሩ። በሁለት ወር ውስጥ የሆነውን ጻፊልን፤ ደብዳቤሽን በዚሁ ዝግጅት ኢንሻአላህ እናነበዋለን። የሌሎች ሰፈር ኮሚቴዎችም እንዲሁ ያጋጠማችሁን ጻፉልን፤ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን የተበላሸውንም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።